የለመዱት ምግብ ሲከዳ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች «ዕድሜ ልኬን ስበላው የኖርኩት ምግብ ዛሬ ምን ሆነብኝ?» የሚሉ ናቸው። ለሁሉም መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነው፦ ከጎረሱ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይቶ ጀመረ?

«38 ዓመቴ ነው። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በልቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰውነቴ ሽፍ አለ፣ ከንፈሬ አበጠ፣ ድምፄ ጎረነነ። ከፋርማሲ ክኒን ገዝቼ ውጬ ተሻለኝ። አምባዛ ብበላስ?» (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

እባክዎ አምባዛውንም አይብሉ። የዓሣ አለርጂ በጉልምስናም ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፓርቫልቡሚን የተባለ የዓሣ ሥጋ ፕሮቲን ነው፤ በብዙዎቹ ዓሦች ውስጥ ይገኛል፣ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይጠፋም። ጣና ሐይቅ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች ድንችና ሳምቡሳ ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይዘዙ።

የድምፅ መጎርነን ጉሮሮ ማበጡን ያመለክታል። እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሳም። ነፍስ የሚያድነው አድሬናሊን ነው፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ1 በ1000ው ብልቃጥ (በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው) ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በጭን የውጪ ጎን መሐል ጡንቻው ላይ ይወጋል፤ ካልተሻለ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሐኪም ጋ እስኪደርሱ እግርዎን ከፍ አድርገው ይጋደሙ፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ደገፍ ብለው ይቀመጡ። ተነሥቶ መራመድ ግፊቱን በድንገት ይጥለዋል፣ ልብም ሊያቆም ይችላል። ቢሻልዎትም ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሆስፒታል ቆይተው ይታዩ። የአለርጂ ምርመራ ሳይጨርሱ ወደ ደቅ ወይም ዘጌ በጀልባ ሲሄዱ ምሳዎን ከቤት ይያዙ፤ ውሃ መሐል የሚደርስልዎ ሐኪም የለም።

«ጠዋት ዳቦ በሻይ በልቼ በብስክሌት ሥራ ስሄድ ሰውነቴ ሽፍ ይላል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። እሑድ ዳቦ በልቼ ቤት ስውል ግን ምንም የለም።»

ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቀር የስንዴ አለርጂ ነው። ዳቦው ብቻውን፣ ፔዳሉም ብቻውን አይጎዳም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እንቅስቃሴ የስንዴው ፕሮቲን ወደ ደም በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪንና አልኮልም እንዲሁ። ስንዴ ከበሉ በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት ብስክሌት አይንዱ። ከዚያ የሚቀለው ቁርሱን በጤፍ እንጀራ ፍርፍር መለወጥ ነው፣ ጤፍ ውስጥ የስንዴው ፕሮቲን የለም። የሚገዛ እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊደባለቅበት ስለሚችል ሻጯን ይጠይቁ። ራስዎን ስተዋልና ሐኪም ሳያዩ ብቻዎን አይንዱ።

«ፋሲካ ከተፈታ ወዲህ ወተት ስጠጣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ያስቀምጠኛል። እርጎ ግን ይስማማኛል።»

አለርጂ አይደለም። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ኢንዛይም ከልጅነት ወዲህ በብዙዎቻችን ይቀንሳል፤ በ55ቱ ቀን ጾም ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያዎች ወተት የመፍጨት ልማዳቸውን ይተዋሉ። አንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። በ100 ሚሊ ሊትር ከምግብ ጋር ይጀምሩ፣ በየ3 ቀኑ ጥቂት ይጨምሩ። እርጎ ሲረጋ ከስኳሩ ከፊሉን ባክቴሪያዎች ይበሉታል፣ ቅቤ ላይ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ከተቅማጥ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ሰገራ ይመርመሩ፤ ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ኢንዛይሙን ለሳምንታት ሊያጠፋው ይችላል።

«ዘመድ ከመራዊ የላከልንን ግብጦ በልቼ አፌ ደረቀ፣ ዓይኔ ብዥ አለ። አለርጂ ሆነብኝ?»

አልሆነብዎትም፤ መራራው ሳይወጣ በልተውት ነው። አልካሎይድ የተባለው መራራ ንጥረ ነገር መርዝ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያስመታል፣ ሽንት ያግዳል። መቁላት ብቻውን አያስወግደውም። ተቀቅሎ፣ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ፣ ምሬቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ለቀናት ይዘፈዝፍ። አሁን ብዥታው ካልለቀቀዎት ወይም ሽንት እምቢ ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ለውዝ የማይስማማው ሰው ደግሞ በደንብ የተዘፈዘፈውንም አይቅመስ፣ የሁለቱ ፕሮቲን ይመሳሰላል።

«ማንጎ በበላሁ በሁለተኛው ቀን ከንፈሬ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣብኝ።»

ያስቸገረዎት ከማንጎው ልጣጭና ግንድ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ሌላ ሰው ይላጥልዎት፣ ታጥቦ በሹካ ይብሉ፣ ልጣጩን በጥርስ አይግፈፉ። በደቂቃዎች ውስጥ አፍ ካሳከከ ግን ነገሩ ሌላ ስለሆነ ማንጎውን ትተው ይመርመሩ።