ድርሻ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰሜን ጀርመን ገጠር ነው። ጎረቤቶቼ ማኅበር መሥርተው የነፋስ ተርባይን ሊተክሉ ነው፤ ድርሻ ግዛ ይሉኛል። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ጨረታ ከመጣ ወዲህ የሕዝብ ማኅበር አልቆለታል» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ባልደረባዎ የ2017ቱን (ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ጣጣ ሰምተው መሆን አለበት። በ2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ለሚመነጨው ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመት የማይለወጥ ዋጋ ይሰጥ ስለነበር ገበሬውም አስተማሪውም ተደራጅቶ ከባንክ ይበደር ነበር። በ2017 ነፋስ ወደ ጨረታ ሲገባ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ ዝቅተኛ ዋጋ የጠየቀ እንዲያሸንፍ ሲደረግ፣ ያ ዋስትና ቀረ። ትልቅ ኩባንያ በአንዱ ቦታ ቢሸነፍ በሌላው ይክሰዋል፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለው ማኅበር ግን ለጥናት ያወጣው ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው።

መንግሥት ይህን አይቶ ለማኅበራት ልዩ መብት ሰጠ፦ የግንባታ ፈቃድ ሳይዙ መጫረት፣ ለግንባታም በ30 ወር ፈንታ 54 ወር። መስፈርቱ 10 ሰው ነበር። አሥር ሰው መሰብሰብ ማንን ያቅታል? በዚያ ዓመት ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ጨረታ «የሕዝብ ማኅበር» ወሰደው፤ ከብዙዎቹ ጀርባ ግን ኩባንያ ነበረ፤ ተርባይናቸውም ሳይቆም የቀረ ብዙ ነው።

ከ2023 ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። እስከ 18 ሜጋዋት የሚተክል የነዋሪዎች ማኅበር ጨረታ አይገባም፤ ዋጋው ካለፉት ጨረታዎች ውጤት ይሰላል። አባላቱ ግን ቢያንስ 50 ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ከድምፁም 75 በመቶው በአካባቢው ነዋሪዎች እጅ መሆን አለበት። በእኔ ግምት ይህኛው የተሻለ አጥር ነው።

እኔ በመስመር ዝርጋታ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገመዱ ነው። ከተርባይኑ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር እስከሚገናኝበት ነጥብ ያለውን ወጪ የሚሸፍነው ማኅበሩ ነው። ነጥቡ የት እንደሆነ የማያውቅ ማኅበር ትርፉን አስልቻለሁ ቢልዎት አይመኑት።

ውሉንም በደንብ ያንብቡ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ በመደበኛው አሠራር ድርሻዎ ቢያንስም አንድ ድምፅ አለዎት። ወረቀቱ ላይ «ናኽራንግዳርሌን» የሚል ካዩ ግን ባለቤት ሳይሆኑ አበዳሪ ነዎት፤ ያውም ማኅበሩ ቢከስር ከሌሎች አበዳሪዎች ኋላ የሚሰለፉ። የግንባታ ፈቃዱ ካልወጣ ዝቅተኛውን ድርሻ ብቻ ይግዙ፤ ሌላውን ፈቃዱን በዓይንዎ ሲያዩ ይጨምራሉ።