መዳቡ ያበራል፣ ግን አልጸዳም

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሰርኪት ቦርድ በቶነር እየሠራሁ ነው፤ የቦርዱን መስመር በሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ላይ አትሜ በካውያ ወደ መዳቡ አሸጋግራለሁ። መዳቡን እስኪያበራ በአሴቶን ወልውዬዋለሁ። በካውያ ተኩሼ ወረቀቱን ስልጠው ግን መስመሩ እዚህም እዚያም አብሮ ይነሣል። ሦስት ዓይነት ወረቀት ሞከርኩ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ወረቀቱን ተወው። በላክኸው ፎቶ ላይ የተነሣው ቦታ ሞላላ ነው፣ ልክ የአውራ ጣት ያህል። ቦርዱን የያዝክበት ነው።

ቶነር ማለት የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ቀልጦ መዳቡን መያዝ አለበት፤ መሃል ላይ ስስ የላብ ቅባት ካለ ግን የሚይዘው ቅባቱን ነው። አሴቶን ቅባትን ያሟሟል እንጂ ጠራርጎ አያወጣም። በአንድ ጨርቅ ስትመላለስ ቅባቱን ለመላው ቦርድ እያዳረስከው ነው። የገዛኸው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ለቆዳ ተብሎ ዘይት አለበት።

መጀመሪያ ጠርዙን በሞረድ አስተካክል። መጋዝ የሚያስቀረው የመዳብ ከንፈር ካውያውን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው አጠገቡ ያለው መስመር ሙቀት አያገኝም። ከዚያ 600 ወይም 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃና በፈሳሽ ሳሙና እያረጠብክ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በወርድ፣ ቀስ ብለህ እሸው። የምትፈልገው መስታወት የመሰለ ገጽ ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ነው፤ ቶነሩ የሚቆነጥጠው እሱን ነው። ሻካራ ቁጥር አትጠቀም። ጭረቱ ይጠልቅና ፌሪክ ክሎራይዱ (ቶነር ያልሸፈነውን መዳብ የሚበላው ፈሳሽ) በመስመሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። የተለመደው ቦርድ መዳብ ውፍረትም 0.035 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ፈተና። በደንብ አለቅልቀህ፣ ጠርዙን ብቻ ይዘህ፣ ከቧንቧው አውጣና ዘንበል አድርገህ ተመልከት። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ ስስ መጋረጃ መዳቡን ሸፍኖ ከቆየ ጸድቷል። ሸሽቶ እንደ ጤዛ ከተሰባሰበ፣ የሸሸበት ቦታ ቅባት አለው፤ ተመልሰህ በሳሙና እሸው። እኔ ይህን ሳላይ ካውያ አልሰካም።

ሲያልፍልህ በንጹሕ ሶፍት አድርቀህ ወዲያው ተኩሰው። አታሳድረው፣ መዳብ አየር ላይ ሲቆይ ይጠቁራል። የአሴቶኑን ጠርሙስም ካውያው አጠገብ አትክፈት፣ እሳት ይይዛል። ከተኮስክ በኋላ ወረቀቱን ደረቁን አትላጠው። ለብ ባለ ውሃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ ሲርስ በአውራ ጣትህ እያሸህ አንሣው። አንድ ሁለት ቦታ ከተበጠሰ በማይለቅ ማርከር ሙላው፤ ከዚያ ከበለጠ ቶነሩን በአሴቶን አንሥተህ ከብርጭቆ ወረቀቱ እንደገና ጀምር።