የክረምት ሩጫ ጃኬት በአቅም ለሚገዛ ሰው፦ ጥያቄና መልስ

ሰኔ ገብቷል። በእንጦጦ፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ በኩል የሚሮጡ ሰዎች ስለ ዝናብ ጃኬት ሰሞኑን ደጋግመው የጠየቁትን አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምሮጠው። ውድ ጃኬት የመግዛት አቅም የለኝም። በትንሽ ብር ውሃ የማያስገባ ይገኛል? መጀመሪያ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ይገኛል። መጀመሪያ ስፌቱን እይ። ጃኬቱን ገልብጠው፤ በትከሻው፣ በብብቱና በኮፍያው ስፌት ሁሉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የተለጠፈ ቴፕ መኖር አለበት። ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መርፌ የበሳው ቀዳዳ ውሃ ያስገባል፤ ቀዳዳው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ነው። ትከሻና ኮፍያቸው ላይ ብቻ ቴፕ ያላቸው አሉ። እነሱ ለካፊያ ይበቃሉ፣ የሐምሌን ዶፍ ግን አይችሉም። ጭራሽ ቴፕ የሌለው ከሆነ፣ መለያው ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ የንፋስ ጃኬት ነው። በዝናብ ጃኬት ዋጋ እንዳትገዛው።

ከዚያ ክብደቱን እይ። ለሩጫ ከ300 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ወፍራም ገበር ያለው ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው እንጂ ለሚሮጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ መለያው ላይ 10,000 እና 20,000 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ትልቁን ልምረጥ?

መልስ፦ አያስፈልግሽም። ውሃ መቋቋሙን የሚናገረው ቁጥር በሚሊ ሜትር ነው። ጨርቁ ላይ ውሃ እንደ ዓምድ ቢቆም እስከ ስንት ከፍታ ድረስ ሳያሳልፍ ይችላል ማለት ነው፤ 10,000 የ10 ሜትር ዓምድ ነው። ዝናብ ብቻውን ያን ያህል አይጫንም፤ ጨርቁን የሚጫነው የቦርሳ ማንገቻ ነው። ቦርሳ ሳታዝዪ የምትሮጪ ከሆነ 10,000 ይበቃሻል።

ሁለተኛው ቁጥር በግራም ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ምን ያህል የላብ እንፋሎት እንደሚያስወጣ ይናገራል። 10,000 ግራም ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ለ24 ሲካፈል ግን በሰዓት 417 ግራም ብቻ ነው። የጃኬቱ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ቢሆን በሰዓት 600 ግራም ገደማ ይሆናል፤ እሱም በላቦራቶሪ የተለካ ስለሆነ በዝናብ ውስጥ ያንሳል። ጠንክሮ የሚሮጥ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል። ስለዚህ ብር ከተረፈሽ የምትጨምሪው ለዚህኛው ቁጥር ነው። ከዚያም በላይ የሚረዳሽ በብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ ወይም የጀርባ መተንፈሻ ነው፤ አየር በቀዳዳ ሲወጣ ጨርቅ ከሚያሳልፈው እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቴፕ ያለውን ገዛሁ፤ ግን ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ ውስጡ ርጥብ ነው። ተታለልኩ?

መልስ፦ ምናልባት አልተታለልክም። እርጥበቱ የት እንደሆነ እይ። በትከሻ፣ በአንገት ወይም በዚፕ መስመር ላይ ብቻ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው። ጀርባህና ክንድህ እኩል ርጥብ ከሆነ ላብህ ነው።

ላቡ የሚጠራቀምበት አንዱ ምክንያት የውጭው ጨርቅ ውሃ መጠጣቱ ነው። አዲስ ጃኬት ላይ ውሃ እንደ ቅባት ነጠብጣብ እየሆነ ይንከባለላል፤ ይህን የሚያደርገው ላዩ ላይ የተቀባው ውሃ ገፊ ሽፋን ነው። እሱ ሲያልቅ ጨርቁ ይረጥባል፣ ይቀዘቅዛል፤ ከውስጥ የሚመጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ እንደ ድስት ክዳን ጠል ይቋጥራል። የውስጡ ውሃ ከልካይ ሽፋን ግን ጤነኛ ነው። መፍትሔው አጠባ ላይ ነው፤ ከታች አለ።

አንድ ነገር ከልብ ተቀበል፦ እየሮጠ ደረቅ ሆኖ የሚቀር ሰው የለም። ጃኬቱን የምትለብሰው እንዳይበርድህ ነው። ከመሃል ከተማ ወደ እንጦጦ አናት ስትወጣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ሙቀቱም በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ከላይ ነፋስ ሲመታህ ሞቃት እርጥበትና ቀዝቃዛ እርጥበት ልዩነታቸው ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ሰልባጅ ልግዛ ወይስ አዲስ ርካሹን?

መልስ፦ መርጦ ለሚያውቅ ሰው ሰልባጁ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ጥሩ ጨርቅ በርካሽ የሚገኘው እዚያ ነው። ግን ያረጀ የውስጥ ሽፋን አይጠገንምና ሳትቸኩል ፈትሽ።

ገልብጠህ የውስጡን ሽፋን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። ነጭ ቅርፊት ከተነሳ ወይም እጅህ ላይ ከተጣበቀ አልቋል፣ ተወው። አንገቱና ጀርባው ላይ አረፋ መሰል እብጠት ካለ ሽፋኑ ከጨርቁ ተለያይቷል። አሽትተው፤ የኮመጠጠ፣ ትውከት የሚመስል ሽታ ሽፋኑ መፍረስ መጀመሩን ይናገራል። ከዚያ ጨርቁን አፍህ ላይ አጥብቀህ ንፋ፤ ትንፋሽህ በቀላሉ ካለፈ ውሃ ከልካይ አይደለም። ሻጩ ከፈቀደ ጨርቁን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዘህ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምርበትና አምስት ደቂቃ ጠብቅ። የቴፑ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተነሳ አያሳስብም። በብዙ ቦታ ከተላቀቀ አትግዛው።

ጎርቴክስ (የታወቀ ውሃ ከልካይ ጨርቅ ስም) የሚል ጽሑፍ አይተህ ብቻ አትክፈል፤ ምልክቱ በቀላሉ ይሰፋል። ዊንድስቶፐር የሚለው ደግሞ ንፋስ ከልካይ ነው፤ ቴፕ ከሌለው ዶፍ አይችልም።

ጥያቄ፦ ልኩን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ከሥር የምትሮጪበትን ልብስ ለብሰሽ ሞክሪው። ሁለቱን እጅሽን ወደ ላይ ስትዘረጊ ወገብሽ መገለጥ፣ እጅጌውም ከእጅ አንጓሽ መሸሽ የለበትም። ኮፍያውን አድርገሽ አንገትሽን ወደ ግራና ቀኝ አዙሪ፤ ኮፍያው አብሮ ካልዞረ መንገድ ስትሻገሪ መኪና አታዪም። ማጥበቂያ ገመድ የሌለው ኮፍያ በንፋስ ወደ ኋላ ይወድቃል። ዚፑ ተራ ከሆነ ከኋላው የጨርቅ መከለያ ይኑረው። ሙሉውን የሚከፈት ዚፕ ምረጪ፤ ዳገት ላይ ከፍተሽ ቁልቁለት ላይ ትዘጊዋለሽ።

ጥያቄ፦ ከሥር ምን ይለበሳል?

መልስ፦ ስስ፣ እጀ ሙሉ ፖሊስተር። የጥጥ ካናቴራ ላብ ይዞ ይከብዳል፣ ስትቆም ደግሞ ያበርድሃል። የርካሽ ጃኬቶች የውስጥ ገጽ ባዶ ክንድ ላይ ስለሚጣበቅ እጀ ጉርድ አይመከርም።

ጥያቄ፦ በኦሞ አጥቤው ውሃ መጠጣት ጀመረ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዱቄት ሳሙና በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ የቀረው ሳሙና ደግሞ ውሃ ይስባል። ለብ ባለ ውሃ (ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ) በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቢው፤ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ሦስት ጊዜም ቢሆን አለቅልቂ። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አይነካውም። አትጭመቂው፤ ጥላ ውስጥ ይንጠልጠል።

ከደረቀ በኋላ የውጭውን ውሃ ገፊ ሽፋን ሙቀት ይቀሰቅሰዋል። መለያው መተኮስን ካልከለከለ ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ ስስ ጨርቅ ከላይ አድርገሽ ሳትቆሚ አሳልፊው። ናይለን ይቀልጣል፤ መጀመሪያ በጫፉ ሞክሪ። ከዚህ በኋላም ውሃ ካልተንከባለለ ሽፋኑ አልቋል፤ ውሃ ገፊ ስፕሬይ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ለ15 ዓመት ልጄ ትልቅ ቁጥር ገዝቼ ልብስ ሰፊ ቢያጠበው ይበላሻል?

መልስ፦ የእጅጌውን ጫፍና የታችኛውን ጠርዝ ቢያሳጥሩት ችግር የለውም። ትከሻውን፣ ጎኑን ወይም ጀርባውን ግን መርፌ እንዳይነካው ይንገሯቸው፤ እያንዳንዱ አዲስ ስፌት ቴፕ የሌለው ቀዳዳ ነው። ጥቂት ቢተልቀውም ለሚያድግ ልጅ እንዳለ ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ክብደት ለመቀነስ በፀሐይም እየለበስኩት ብሮጥስ?

መልስ፦ አታድርገው። የሚቀንሰው ውሃ ነው፤ ጠጥተህ ትመልሰዋለህ። ሰውነት የሚበርደው ላብ ሲተን ነው። ላቡ የሚተንበትን ዘግተህ በፀሐይ ብትሮጥ ሙቀትህ እየጨመረ ራስህን እስከ መሳት ያደርስሃል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ለውጥ አለው?

መልስ፦ በጣም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጨለማ ነው፤ በሰንዳፋ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ጥቁር ጃኬት ለባሹን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካን ምረጥ። ደማቅ ቀለም ብቻውን በጨለማ አይበቃምና ጀርባና እጅጌ ላይ መብራት የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ይኑረው፤ ከሌለው የሚለጠፈውን ግዛ እንጂ አታሰፋበት።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ። ጃኬቱ ካለኝ እንጦጦ ላይ በዝናብ መሮጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ዝናቡን ትችያለሽ፤ መብረቁን ግን ጃኬት አይከለክለውም። ብልጭታውን አይተሽ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማሽ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከገላጣውና ከጉብታው ውረጂ። ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለዪ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቢ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዪ።