የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአዳማ አዋሽ ሰባት በሞተር ደርሶ መልስ

ጥያቄ፦ ቦክሰር 150 አለኝ። እሑድ ጓደኛዬን አፈናጥጬ አዋሽ ሰባት ደርሼ በዚያው ቀን ልመለስ አስቤያለሁ። ስንት ሰዓት ልነሳ? ደግሞ «ቆላ ስለሆነ ጎማውን ቀነስ አድርገህ አስነፋ» ይሉኛል። ልክ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከጎማው እንጀምር፣ ምክሩ አደገኛ ነውና። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ የሚያግለው ከአስፋልቱ ይልቅ ይኸው መታጠፍ ነው። የእርስዎ ጎማ ደግሞ ባለ ከመነዳሪ ነው። ሲላላ ከመነዳሪው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቮላው ከሥሩ ይቆረጣል፤ ያኔ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነዳ የፊቱን 25፣ ሰው ስላፈናጠጡ የኋላውን 32 ፒኤስአይ ያስነፉ። መተሃራ ላይ ቢያስለኩ ሦስት አራት ጨምሮ ያገኙታል። ያ የሙቀቱ ነው፤ አያስቀንሱ፣ ሲበርድ ከልክ በታች ይወርዳልና።

ሰዓቱን የምትወስነው ፀሐይ ናት። አዋሽ ከአዳማ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ሲሄዱም፣ ማታ ሲመለሱም ዓይንዎ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተው ወለንጪቲ ላይ ቁርስ ይብሉ፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ 1 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ይቀጥሉ። ርቀቱ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት ከ60 እስከ 70 እየነዱ፣ አንዴ አረፍ ብለው፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ለመመለስ 8 ሰዓት ላይ ይነሱ። «በዚያ ሐሩር?» ይሉ ይሆናል። አዎ፤ ሐሩሩን ለሁለት ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ይዞ መቻል ይቻላል፤ ፀሐይ ዓይንን እያጠፋች ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ግን መፍትሔ የለውም። አንድ ግመል ካለፈ ደግሞ ሌላው ከኋላው አለ፤ ፍሬን ይያዙና ይጠብቁ።

መንገዱ የጅቡቲ ተሳቢዎች መንገድ ነው። ተሳቢ ከፊት ሲመጣ ንፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዎታል፣ ጭራው ሲያልፍ ወደ ራሱ ይስብዎታል። መሪውን አያንቁት፤ ጉልበትዎን ከታንኩ ጋር ያጣብቁና ጋዝ ሳይቆርጡ ይለፉ። ይህ በተለይ የሚሰማው መተሃራ መግቢያ፣ በሰቃ ሐይቅን በሚያቋርጠው ከፍ ያለ መንገድ ላይ ነው፤ ዳሩ ጠባብ ነው፣ ከሐይቁም የጎን ንፋስ አለ። ጓደኛዎ ነጠላ ወይም ሻርፕ ከለበሰ ጫፉን ጃኬቱ ውስጥ ይክተት። ካቴና ውስጥ ከገባ የኋላ ጎማውን አስሮ ይጥላችኋል።

ቤንዚን ደርሶ መልስ ከ6 እስከ 7 ሊትር ይበቃዎታል፤ አዳማ ላይ ሞልተው ይውጡ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ አለው፤ የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሰው አፈናጥጬ ከመተሃራ ስመለስ ካቴናዬ ይጮህ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ መዝለል ጀመረ። አጥብቄው ነበር የወጣሁት። (ከአዳማ፣ ገንደ ሀራ)

መልስ፦ ችግሩ ማጥበቅዎ ነው። ሰው ሲፈናጠጥ የኋላው ይወርድና ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል። መሐሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መላወስ አለበት። ካቴና እኩል ስለማያልቅ ጎማውን እያዞሩ አራት ቦታ ይለኩ፤ የሚያስተካክሉት በጣም በተወጠረበት ቦታ ነው። ግራሶ አይቀቡ፣ አሸዋ ይሰበስባል፤ ቁጥር 90 ዘይት በቂ ነው፣ ማታ ሞተሩ ሳይበርድ ይቀቡትና ይደር። መዝለሉ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የኋላውን ጥርስ ይዩት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ አልቋል። ካቴናውን ብቻ ቢቀይሩ አሮጌው ጥርስ አዲሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል፤ ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ሦስቱንም አብረው ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ አዋሽ ደርሰን ምን እናያለን? ከሙቀት ሌላ ምን አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የድሮውን ባቡር ጣቢያ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድር ነበር። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ሆቴል የዚያ አዳር ቅርስ ነው፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ብቻውን ጉዞውን ይክሳል። የሐዲዱን ስፋት ልብ ይበሉ፤ አንድ ሜትር ነው፣ የአዲሱ ባቡር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የአዋሽ ወንዝ የቆረጠውን ገደል ይዩ። ድልድይ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጥበቃውን ያስፈቅዱ።

በመንገድ ላይ በሰቃን አይለፉት። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መንገዱም ከፍ የተደረገው ለዚህ ነው። ዙሪያውን የሚያዩት ጥቁር ድንጋይ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። በ2017 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ርዕደ መሬት ተደጋግሞ ነበርና ከመነሣትዎ በፊት በዋዜማው አዳማ መናኸሪያ የመተሃራና የአዋሽ ሾፌሮችን ስለ መንገዱም ስለ ሰላሙም ይጠይቁ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቢጠይቁ የዕለቱን ወሬ ያገኛሉ።