«መለየት» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለአዘጋጁ። ገላን አካባቢ ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። የለቃሚዎቹን የቀን ውጤት እመዘግባለሁ፣ ለውጭ ገዢዎች የሚላከውን አጭር ሪፖርትም በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ባለፈው ጥቁሩንና የተበላውን ፍሬ ከደህናው ለይተናል ለማለት «ዲቫይድ» የሚለውን ቃል ተጠቀምኩ። ገዢው ደግሞ «ስንት ቦታ ነው የከፈላችሁት?» ብሎ ጻፈልን። አለቃዬ ተቆጣኝ። መዝገበ ቃላት ባይ ሴፓሬት፣ ዲቫይድ፣ ስፕሊት፣ ሰቨር ሁሉም «መለየት፣ መክፈል» ነው የሚሉት። ታዲያ እነዚህን ቃላት ራሳቸውን በምን ልለያቸው?
ከገላን

መልስ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ያን መንገድ የሚመላለሱ የቡና መኪናዎችን በየቀኑ አያለሁ፣ እና ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ፤ ምክንያቱም መልሱ ግማሹ እዚያው መጋዘናችሁ ውስጥ አለ።

ቃሉን ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን ነበር? የተደባለቀ ነገር ነበር ወይስ አንድ ሙሉ ነገር? ጥቁሩ ፍሬ ከመጀመሪያውም ከደህናው ጋር አንድ አልነበረም፤ አብረው ተገኙ እንጂ። እንዲህ አብሮ ያለን ሁለት ነገር ወዲያና ወዲህ ስታደርጊ ሴፓሬት ነው። ይህን ከዚያ ለየሁ ስትዪ «ፍሮም» ይከተለዋል፣ ልክ የኛ «ከ» ማለት ነው። የእንቁላሉን አስኳል ከነጩ መለየትም ሴፓሬት ነው።

ዲቫይድ ግን አንዱን ሙሉ ነገር ይዞ ይነሳል። በመርከብ የሚሄደውን ኮንቴይነር አስቢ። በባለ 60 ኪሎው ኬሻ ሲጫን 320 ኬሻ ይይዛል፣ 19.2 ቶን ማለት ነው። ያንን 320 ኬሻ አራት ቦታ 80፣ 80 አድርገሽ ብትመድቢው ዲቫይድ አደረግሽ ይባላል። ቡናው ያው ቡና ነው፤ በአንዱ ክፍልና በሌላው መካከል የጥራት ልዩነት መኖሩ ግድ አይደለም። ለዚህ ነው ገዢው «ስንት ቦታ?» ያለው። ዲቫይድ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ወዲያው ቁጥር ወይም ተካፋይ ይጠብቃል፤ ከኋላው የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ «ኢንቱ» ወይም «ቢትዊን» ነው። ትምህርት ቤት ማካፈልን በእንግሊዝኛ ስንማር ዲቪዥን ያልነውም ይኸው ቃል ነው።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። አንድ አጥር ግቢውን ከመንገዱ ሲለይ «ዲቫይድ» ከ«ፍሮም» ጋር ሊመጣ ይችላል። ድሮ ደግሞ ከዚህም ሰፋ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 25፥32 ላይ፣ ጌታ አሕዛብን ሲለይ ሴፓሬት ተብሎ፣ እረኛው በጎቹን ከፍየሎቹ ሲለይ ደግሞ ዲቫይድ ተብሎ ተጽፏል። በአማርኛው ሁለቱም ቦታ ያለው «መለየት» ነው። ስለዚህ ያንቺ አጻጻፍ ከ400 ዓመት በፊት ቢሆን ማንም ባልጠየቀሽ ነበር። ዛሬ ግን ለሪፖርት አይሆንም።

ስፕሊት ቀላሉ ነው፣ ምክንያቱም ወጥ ቤት ውስጥ እናውቀዋለን። ክክ ነው። የአተር ክክ፣ የምስር ክክ በእንግሊዝኛ ስፕሊት ነው የሚባለው፤ ፍሬው በተፈጥሮው መሃሉ ላይ ባለው መስመር ለሁለት ይላቀቃል። የባሕር ዛፍ ግንድ በምሳር ሲፈለጥም እንዲሁ። ኃይል አለበት፣ ስንጥቅ አለበት። ከጓደኞችሽ ጋር ምሳ በልታችሁ ሂሳቡን ስትካፈሉም ስፕሊት ይላሉ፣ ግን እሱ የጨዋታ ቋንቋ ነው፣ ሪፖርት ላይ አታስገቢው። ደግሞ ያለፈ ጊዜውም ያው ስፕሊት ነው፤ መጨረሻው ላይ «ድ» አይጨመርበትም። ይሄን ብዙ ሰው ይስታል።

ሰቨርን ለቡና ፈጽሞ አትጠቀሚበት። የሚቆረጥ ወይም የሚበጠስ ነገር ይፈልጋል፦ ገመድ፣ ጣት፣ የስልክ መስመር፣ የሁለት አገር ግንኙነት። «ግንኙነቱን በጠሰ» ስንል የሚሰማን ያ ድንገተኛና ከባድ ነገር እሱ ነው። የሚገርመው ሰቨርና ሴፓሬት በሥራቸው አንድ ቃል ናቸው፤ አንዱ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ፣ ሌላው ከላቲኑ በቀጥታ መጣ። «ብዙ» የምንልበት ሰቨራልም ከዚያው ዘር ነው።

አሁን ወደ ሥራሽ። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ስሙ ሶርት ማድረግ ነው። እያንዳንዱን ፍሬ አይቶ በየዓይነቱ መመደብ ማለት ነው፤ በመጠን ቢሆን፣ በቀለም ቢሆን፣ በጉድለት ቢሆን። ስለዚህ ሪፖርትሽ ላይ «ቡናውን በእጅ ሶርት አደረግን፣ ጉድለት ያለበትን ከደህናው ሴፓሬት አደረግን» ብትዪ ማንም አይጠይቅሽም። የመጀመሪያው ሥራውን፣ ሁለተኛው ውጤቱን ይናገራል።

ሴግሪጌት የሚለው ቃልም አንድ ቀን ይመጣብሻል። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ቡና ከሌላው ጋር እንዳይገናኝ ከጓሮ እስከ መርከብ ለብቻው ሲያዝ በዚህ ቃል ይጠሩታል። መነሻው በላቲን «ከመንጋው ነጥሎ ማውጣት» ነው። ስለ ዕቃና ስለ ቆሻሻ ሲነገር ምንም ነውር የለበትም። ስለ ሰው ሲነገር ግን በጣም ያማል፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጆችን ከነጮች ትምህርት ቤት ያገዱበት ሥርዓት ስሙ ይኸው ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤቶች ሕገ ወጥ ነው ያለው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። «ሠራተኞቹን በፈረቃ ለየናቸው» ለማለት በስህተት እንዳትጽፊው። እዚያ ዲቫይድ ነው የሚያስፈልግሽ፣ አንድ ቡድን ሁለት ፈረቃ ሆነ።

አይሶሌት ደግሞ ደሴት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ዙሪያውን ባዶ አድርጎ ለብቻ ማስቀመጥ። ሻጋታ የተገኘበት ኬሻ ካለ ይሄ ቃል ይሆንሻል። በኮሮና ጊዜ የሰማነው አይሶሌሽን የታመመውን ሰው ነበር የሚመለከተው፤ ኳራንቲን ደግሞ በሽታው ሊኖርበት ይችላል የተባለውን። እኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ለይቶ ማቆያ» አልን፣ አለፈ።

እና አማርኛ ቃል አጠረው ብለሽ አታስቢ። እናትሽ ቤት ስንዴው ይበጠራል፣ በሰፌድ ይንገዋለላል፣ ዱቄቱ ይነፋል፣ በቆሎው ይፈለፈላል፣ እንጨቱ ይፈለጣል፣ እንጀራው ይቆረሳል። ማንም «እንጨቱን ለየሁት» አይልም። አንቺ እነዚህን ሁሉ ቃላት ሳታስቢ ትመርጫለሽ። መዝገበ ቃላቱ ነው ሁሉንም አንድ ላይ ያጎረው። እንግሊዝኛውን ስትጽፊ መጀመሪያ በአማርኛ የትኛውን እንደምትዪ አስቢና ከዚያ ተነሺ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ ያለች ልጄ ዘንድ ለመሄድ ቅጽ እየሞላሁ ነው። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ «ሴፓሬትድ» እና «ዲቮርስድ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። እኔና ባለቤቴ ከተለያየን አራት ዓመታችን ነው፣ ፍርድ ቤት ግን አልሄድንም። ሁለቱም ያው አይደሉም ወይ?
ከቡራዩ

መልስ

አባታችን፣ ያው አይደሉም፤ ሳይሞሉ መጠየቅዎ ጥሩ ነው። እኛ «ተለያይተዋል» ስንል አንዳንዴ ተፋተዋል ማለታችን ነው። በቅጽ እንግሊዝኛ ግን ሴፓሬትድ ማለት ጋብቻው በሕግ አልፈረሰም፣ ባልና ሚስቱ ግን አብረው አይኖሩም ማለት ነው። ዲቮርስድ የሚባለው ጋብቻው በሕግ የፈረሰበት ሰው ነው፤ እሱን ከመረጡ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጡ ሊባሉ ይችላሉ፣ እርስዎ ደግሞ የለዎትም። እንደጻፉልኝ ከሆነ የእርስዎ ሴፓሬትድ ነው። ቀን ከጠየቀዎት የሚጽፉት አንዳችሁ ከቤት ወጥታችሁ ለየብቻ መኖር የጀመራችሁበትን ቀን ነው። ወሩን በደንብ ካላስታወሱት ባለቤትዎን ወይም ያን ጊዜ የነበሩትን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፣ ከዚያ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ይቀይሩት።