ዓባይ በረሃ ላይ ፎቶው ለምን ይለጠጣል?

ከደብረ ማርቆስ የጻፈልኝ ወጣት ጥያቄው ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ኤክስ-ፕሌን 11 በሚባለው የበረራ ሲሙሌተር ላይ እበራለሁ። አገሬን ከላይ ልየው ብዬ ኦርቶ4ኤክስፒ በሚባለው ፕሮግራም የሳተላይት ፎቶ አለበስኩት። ሜዳው ላይ ያምራል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ስሻገር ግን ገደሉ ላይ ያለው ፎቶ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ወንዙም አንዳንድ ቦታ ግድግዳውን ሽቅብ ይወጣል። ዙሙን ከ16 ወደ 17፣ ከዚያም ወደ 18 ከፍ ባደርገው ዲስኩ ሞላ፣ በረራው ይቆራረጥ ጀመር፤ ገደሉ ግን ያው ነው። ሌላው፣ ከወዳጄ ያገኘሁትን የማርቆስን የቆየ የአየር ፎቶ ባስገባው ቤቱም መንገዱም ከቦታው ተንሸራተተብኝ። ትልቅ ዲስክና አዲስ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?»

አትግዛ። ሁለቱም ችግሮችህ ከፎቶው ሥር ናቸው፤ አንዱ ከፍታው ላይ፣ ሌላው የቦታውን አድራሻ በሚሰጠው መጋጠሚያ ቁጥር ላይ። ዲስክ ብትጨምር የምታገኘው ብዙ ቦታ የያዘ ያንኑ ስህተት ነው። እኔ እንጀራዬ ቅየሳ ነው፣ ባሕር ዳር ተቀምጬ ካርታ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ጋቢዬን ደርቤ እንዳንተው ሴስና አበራለሁ፤ ስለዚህ የጻፍክልኝን ገደል በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዙም ሒሳቡን እንሥራው። በጎጃም ኬክሮስ ዙም 16 ላይ አንዷ የፎቶ ነጥብ መሬት ላይ 2.3 ሜትር ገደማ ትሸፍናለች፤ ዙም 17 ላይ 1.2፣ ዙም 18 ላይ 0.6 ሜትር። ዙም አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር የፎቶው ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሆነው ቁራሽ በዙም 16 ወደ 1.6 ጊጋ፣ በዙም 17 ወደ 6፣ በዙም 18 ወደ 24 ጊጋ ይይዛል። ቁራሹ የሚጠራው በሚጀምርበት ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው፤ አንተ +10+037ን እና +10+038ን ሙሉ በሙሉ በ18 ከሠራህ ዲስክህ መሙላቱ አይገርምም።

አሁን ወደ ገደሉ። የሳተላይት ፎቶ የሚነሳው ከላይ ነው። ከላይ ሲታይ ገደል ጠባብ መስመር ነው። አንድ 100 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከላይ ሲታይ ግን 10 ሜትር ብቻ ስፋት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ውሰድ። ዙም 17 ላይ ለዚያ ግድግዳ የሚደርሱት ነጥቦች ከላይ እስከ ታች ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው። እነዚያን ይዘህ 100 ሜትር ልታለብስ ነው። ዙም 18 ላይ አሥራ ሰባት ይሆናሉ። ስምንት ነጥብ ሲለጠጥና አሥራ ሰባት ነጥብ ሲለጠጥ ዓይንህ ልዩነቱን አያየውም፤ ዲስክህ ግን ያየዋል። ፎቶ ነጠላ ነው፣ መሬቱ ትከሻ ነው። ትከሻው የተጣመመን ሰው ነጠላውን በቀጭን ፈትል ብታስለውጠው ጥለቱ ቀጥ አይልም።

ይህ ግን የችግሩ ግማሽ ነው። የገደሉ መለጠጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የእውነት ገደል ስለሆነ የሚለጠጥ፣ ሌላው ሜሹ፣ ማለትም መሬቱን የሚሠራው የሦስት ማዕዘን መረብ፣ የተሳሳተ ቦታ ላይ ገደል ስለሠራ የሚለጠጥ። የመጀመሪያው ጋር መኖር ትችላለህ፤ ኦቨርሌዩ፣ ማለትም ከፎቶው በላይ የሚደረበው ንብርብር፣ የሚያመጣቸው ዛፎች ጥቂቱን ይሸፍኑልሃል። ወንዙን ሽቅብ የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ እሱ ይስተካከላል።

ጥፋቱ የከፍታው ይሁን የፎቶው የምትለየው እንዲህ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም ክፈት፤ የምትጠቀምበትን የከፍታ ፋይል አስገባና በየ50 ሜትሩ ኮንቱር (እኩል ከፍታን የሚያገናኝ መስመር) አውጣ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ የዓባይን መስመር ከላዩ ጣልበት። ከዚያ ጠቋሚህን ይዘህ ወንዙን ከላይ ወደ ታች ተከተል፣ ከፍታውንም እያነበብክ ሂድ። ቁጥሩ መውረድ ብቻ ነው ያለበት። 1,080 ብሎ፣ 1,140 ብሎ፣ እንደገና 1,070 ካለህ ወንዙ ዳገት እየወጣ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ዳገት አይወጣም። ያን ጊዜ ጥፋቱ የከፍታው ፋይል ነው። ቁጥሩ በሥርዓት እየወረደ ሳለ ፎቶው ላይ ያለው ውሃ ግን ከመስመሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ከታየህ ፎቶው ራሱ ሲስተካከል ተሳስቷል፤ ሳተላይቱ ጋደል ብሎ ሲያነሳ ሻካራ ከፍታ ተጠቅመው ካቀኑት ጥልቅ ገደል ውስጥ በአሥር ሃያ ሜትር ይፈናጠራል። ለዚያ ያለህ መድኃኒት በዚያች ቦታ ብቻ ሌላ የፎቶ ምንጭ መሞከር ነው፤ ኦርቶ4ኤክስፒ ለአንድ ዞን የተለየ ምንጭና የተለየ ዙም እንድትመርጥ ይፈቅድልሃል።

የአንተ ግን የከፍታው ይመስለኛል። የከፍታ ፋይልህን ከየት እንዳመጣኸው አልጻፍክልኝም። ነጥቦቹ በ90 ሜትር ርቀት የተቀመጡበት ከሆነ ለሜዳ ይበቃል፤ ከዳር እስከ ወንዙ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚወርድ በረሃ አይበቃም። ብዙዎቹ ነፃ የከፍታ ፋይሎች የመጡት በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ በራዳር ከለካችው ነው። ራዳር ወደ ጎን ስለሚያይ ጠባብ ገደል ውስጥ ጥላ ይጥላል፤ ጥላው ያረፈበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ባዶውን በኋላ ሰው በግምት ይሞላዋል። ወንዝህ ሽቅብ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ግምት ላይ ነው።

ስለዚህ ኮፐርኒከስ ከሚባለው የአውሮፓ ፕሮግራም የ30 ሜትሩን ከፍታ አውርድ። ነፃ ነው፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 የተለካ ነው። እሱም ራዳር ስለሆነ ከጥላ ነፃ አይደለም፤ ስለዚህ የወንዙን ፈተና እሱም ላይ ሥራበት። ጂኦቲፍ (መጋጠሚያውን የያዘ የምስል ፋይል) አድርገህ ኦርቶ4ኤክስፒ ውስጥ «ከስተም ዴም» በሚለው ቦታ ለ+10+038 ስጠው። «ከርቬቸር ቶል» የሚለውን ከ2 ወደ 1 አውርደው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሦስት ማዕዘኖቹ ይበዛሉ፣ ገደሉ ጠርዙን ያገኛል። ይህንን ለዚች ቁራሽ ብቻ። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ብታደርገው ማሽንህን በከንቱ ታደክመዋለህ። «ዋተር ስሙዚንግ»ን እንዳለ ተወው፤ የወንዙን መሬት ያለሰልስልሃል።

ከዚያ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምረህ ቁራሿን እንደገና ሥራ። ዳታዬ አለቀ ብለህ አትፍራ፤ ያወረድካቸው ፎቶዎች ካልሰረዝካቸው በቀር ማህደሩ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ደግሞ አያወርዳቸውም። መብራት ጠፍቶብህ ማውረዱ መሃል ላይ ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል። ግን ነጭ ካሬ የሆነ ፎቶ ካየህ እሱን ፋይል ብቻ ሰርዘህ እንደገና አስወርደው። ዙሙን ለሁሉም 16 አድርገው፣ ለበረሃው 17፤ 18ን ለማኮብኮቢያው ዙሪያ ብቻ አቆየው። አሥር በአሥር ኪሎ ሜትር በ18 ብትሠራ 300 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ይህ ማንንም አይጎዳም። የድሮዎቹን የዙም 18 ፋይሎች ራስህ ካልሰረዝካቸው ዲስኩ እንደማይቀልልህ ደግሞ አትርሳ።

ጎሐ ጽዮን የቁራሿ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ናት። ከእሷ ትንሽ አለፍ እንዳልክ +09+038 ይጀምራል። እሱን በድሮው ከፍታ ትተህ ይሄኛውን በአዲሱ ከሠራህ ድንበሩ ላይ ደረጃ ይወጣል። ሁለቱንም በአንድ ከፍታ ሥራቸው።

አሁን ወደ ማርቆስ ፎቶ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይሄ ነገር እኔንም አዋርዶኛል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ የአንድ መሬት ድንበር ላይ ችካል እንድተክል ተላክሁ። ቁጥሩን ከወረቀት እያነበብኩ ጂፒኤሱ በመራኝ ሄጄ ችካሉን ተከልኩ። ቀና ስል የቆምኩት እሸት ያዘለ ጤፍ መሃል ነው። ባለ ማሳው ሽማግሌ መጡ፣ ችካሉን አዩ፣ እኔን አዩና «ልጄ፣ ድንበሩ እኮ ማዶ ዋርካው ሥር ነው» አሉኝ። ዋርካው ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። መሣሪያዬን ተሟገትኩላቸው። ልክ የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው፤ ወረቀቱ በአዲንዳን ነበር፣ ጂፒኤሴ በደብሊውጂኤስ 84።

አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ፣ በዚያው በእኛ ወንዝ ዳር ያለ የቅየሳ መነሻ ነጥብ ነው። የአገራችን የቆዩ 1፡50,000 ካርታዎችና በእነሱ ላይ የተመሠረቱ ፎቶዎች ቁጥራቸውን የሚቆጥሩት ከእሱ ነው። ጂፒኤስ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕና ሲሙሌተርህ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ይሄዳሉ። ያንኑ አንድ ቦታ በዩቲኤም፣ ማለትም ቦታን በሜትር በሚቆጥረው የካርታ ሥርዓት፣ ብትለካው የሁለቱ ቁጥር ወደ ሰሜን 206፣ ወደ ምሥራቅ 92 ሜትር ገደማ ይለያያል፤ የአዲንዳኑ ያንሳል። ስለዚህ የአዲንዳን ፎቶ ደብሊውጂኤስ ነው ተብሎ ሲገባ ወደ ደቡብ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል።

ልብ አድርገህ ለካው። ፎቶህ ወደ ደቡብ ምዕራብ በ225 ሜትር ገደማ ሸሽቶ ከሆነ አዲንዳን ነው፤ አትጠራጠር። ወደ ሰሜን ወይም በ30 ሜትር ብቻ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፎቶውን ከካርታ ጋር ያጋጠመው ሰው ነጥቦቹን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መልሰህ ጻፍልኝ።

አዲንዳን ከሆነ፣ ኪውጂአይኤስ ውስጥ ሁለት ሥራ አለህ፤ ሰው የሚሳሳተውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው። መጀመሪያ ለፎቶው ትክክለኛ ስሙን ስጠው፦ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ኮዱ 20137። ይሄ ስያሜ ብቻ ነው፣ ፎቶውን ወደየትም አያንቀሳቅሰውም። ቀጥሎ ወደ ደብሊውጂኤስ 84፣ ኮዱ 4326፣ ለውጠህ በአዲስ ፋይል አስቀምጠው። የትኛውን ሽግግር እንደምትጠቀም ሲጠይቅህ ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጥ፤ ሱዳንን ብትመርጥ በሜትሮች ትስታለህ። ስሙን ቀጥታ ወደ 4326 ብትቀይረው ግን ማርቆስን በቦታዋ ሳይሆን ከዓለም ካርታው ውጭ ፈልጋት።

ድሮን አስነስቼ የራሴን ፎቶ ላንሳ ካልክ ከመነሳትህ በፊት ፈቃዱን ጨርስ፤ ያለ ፈቃድ አታስነሳ። ከካርታ አገልግሎቶች ያወረድከውን ፎቶም ለራስህ ብረርበት እንጂ ለሰው በፍላሽ አትሽጥ።

አልጠየቅከኝም እንጂ ወደ ባሕር ዳር መምጣትህ አይቀርም። ጣና +11+037 እና +12+037 ላይ ተከፍሏል፤ ሁለቱንም ሥራቸው። ውሃው ፀሐይ የማያንጸባርቅ ቡናማ ሜዳ ከሆነብህ «ሬሾ ዋተር»ን ተመልከት፤ ዜሮ ላይ ከሆነ የምታየው ፎቶውን ብቻ ነው፣ ወደ 1 ባስጠጋኸው መጠን የሲሙሌተሩ ውሃ ይወጣል። ሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ላይ ሣር ያለበት መሬት መስሎ የሚታይህ እንቦጭ ነው፤ እሱ የፎቶው ስህተት አይደለም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ፎቶህ ላይ ከሌለ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሳ ነው።

ድልድይ ካነሳሁ አይቀር፣ ደጀን ሥር ያለው ድልድይ ከፍታው ቢስተካከልም ውሃው ላይ ተለጥፎ ነው የምታገኘው። ፎቶ ነውና ከመሬት አይነሳም። እንዲቆም ከፈለግህ እንደ ዕቃ ለብቻው መሠራት አለበት፤ ፎቶውን የፈለግኸውን ያህል ብታጠራው አይቆምም።

ሁሉን ጨርሰህ ስትበር የሲሙሌተሩን ሰዓት ከረፋዱ 4፡30 ላይ አድርገው። ብዙዎቹ ፎቶ አንሺ ሳተላይቶች በላያችን የሚያልፉት በዚያ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፎቶው ውስጥ ያለው ጥላም የዚያ ሰዓት ጥላ ነው። በበጋ በዚያ ሰዓት ፀሐይ የደጀንን በኩል ትመታለች፣ የጎሐ ጽዮን ግድግዳ ይጠቁራል። አንተ ከሰዓት በኋላ 10 ላይ ብትበር ሲሙሌተሩ ጥላውን በአንድ በኩል፣ ፎቶው በሌላ በኩል ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ሜሹን አበላሸሁት ብለህ እንደገና ልታፈርሰው ትነሳለህ።