ውሃ የሚጠጣ ፒክአፕ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ናፍጣ ሞተር ሙቀት ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሞተር በሚገባው አየር ላይ ውሃን እንደ ጉም አድርጎ የሚረጨውን መሣሪያ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡትን ለይቼ እመልሳለሁ። ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ፤ ለመካኒኮች የተላከውን ስድብም ለባለቤቱ አስቀርቻለሁ።

በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩ አንባቢ መሣሪያውን አስገጥመው ጨርሰዋል። የቤታቸውን ውሃ ቢሞሉበት ችግር እንዳለው ይጠይቃሉ።

የሰፈርዎ ስም ቢፈቅድም መሣሪያው አይፈቅድም። የመርጫው ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ዝቃጭ እዚያም ይጋገርና ይደፍነዋል። የተጣራ ውሃ ይግዙ። ሲገዙ ግን «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ በዚህ ስም አሲድ ሊሰጥዎ ስለሚችል በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሸቀጥ የሚያመላልሱ፣ ተርቦ ያለው ሃይሉክስ ባለቤት፣ «ሰው ወዶና ፈቅዶ ሞተር ውስጥ ውሃ ይጨምራል?» ይላሉ።

ይጨምራል፤ ነገሩም አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር ለጥቂት ደቂቃ የተለየ ጉልበት ሲፈለግበት ውሃና ሜታኖል ይረጭበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም4 ጂቲኤስ የተባለው የቤንዚን መኪናም የውሃ መርጫውን ከፋብሪካ ይዞ ነው የመጣው። ተርቦ አየርን ሲጨምቅ አየሩ ይግላል፤ ከኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር ከሚያበርደው ክፍል) በኋላ የተረጨው ደቃቅ ውሃ ደግሞ ሲተን ያንን ግለት ይወስዳል። 1 ሊትር ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ስለሚፈጅ፣ ሞተሩ በከባድ ጭነት ሲሠራ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የቃጠሎ ሙቀትና የጭሱ ሙቀት ዝቅ ይላሉ፤ ናይትሮጂን ኦክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝም ይቀንሳል።

ጉልበትን በተመለከተ ግን ውሃ አይነድም። ሻጩ «የፈረስ ጉልበት ይጨምርልዎታል» ካለዎት፣ ወይ ናፍጣውንም አብሮ ሊጨምርልዎ አስቧል፣ ወይ ዕቃውን አያውቀውም። መሣሪያውን ከመግዛትዎ በፊት ከተርቦው በፊት ያለውን የጭስ ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ያስገጥሙ። ጌጁ በዳገት ላይ ለረጅም ጊዜ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልቆመ፣ እርስዎ የሌለብዎትን በሽታ መድኃኒት ሊገዙ ነው።

ተርቦ የሌለው የድሮ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ያላቸው የደሴ ነዋሪ «ለእኔስ?» ይላሉ።

ገንዘብዎን ለጎማ ያውሉት።

«ሐረጎ ዳገት ላይ ስደርስ ራዲያተሩ ይፈላል። የውሃ መርጫው ይገላግለኛል?»

ይህን ጥያቄ በተለያየ ቃል የላኩልኝ ብዙ ስለሆኑ፣ ለሁሉም አንድ ላይ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

መርጫው የሚያበርደው ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር እንጂ ራዲያተር ውስጥ የሚዞረውን ውሃ አይደለም። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መኪናው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ቬንትሌተሩ በዚያው ፍጥነት እየዞረ በራዲያተሩ በኩል የሚያሳልፈው አየር ያንሳል፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ክዳን የሌለው ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ መፍላቱ ነው። ከቆላ መጥታ ደሴ የተዳረች ሙሽራ ሽምብራው አልበስል አላት ሲባል የሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ግፊት በማይዝ ክዳን የሚነዳ መኪና ደሴ አፋፍ ላይ ሲደርስ በሥራ ሙቀቱና በመፍላቱ መካከል የቀረው ልዩነት አሥር ዲግሪ አይሞላም። ጤነኛ ክዳን ግን 0.9 ባር ያህል ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ከክዳኑ ሥር ያለው ስፕሪንግና ቀለበት የምታክል ጎማ ናት።

ባለፈው ክረምት ሐረጎ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት የተከበበ አንድ ፒክአፕ አግኝቼ ቆምኩ። ሾፌሩ ስለ ውሃ መርጫ ዋጋ ብዙ አጫወተኝ፤ ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ክዳኑን ስናወጣው ጎማው ተሰነጣጥቆ አልቋል፤ በምትኩ ሁለት ዙር የተጠቀለለ ጥቁር ፌስታል ተደርጎበታል። ፌስታሉ ጠርዙ ላይ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ራዲያተሩን ከፊት በኩል በእጅ ባትሪ ስናየው ደግሞ ግማሹ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። ለዚህ መኪና መርጫ መግጠም ትኩሳት ላለበት ሰው ኮፍያ እንደ መግዛት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ይለውጡ፤ በመኪናዎ መጽሐፍ የተጻፈውን ግፊት የሚይዝ ይሁን። ራዲያተሩን ከኋላ ወደ ፊት፣ ስስ ክንፎቹ እንዳይታጠፉ ግፊቱ በማይበዛ ውሃ ያሳጥቡ። ከቦርከና ወንዝ የተቀዳ ውሃ አይጨምሩ፤ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይሙሉ። ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ አይውጡ፤ አንድ ማርሽ ሲቀንሱ የውሃ ፓምፑም ቬንትሌተሩም ፈጥነው ይዞራሉ። ሞተሩ እንደ ጋለ ክዳኑን አይክፈቱ፤ ፊቱ የተቃጠለ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ብርቅ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚፈላ ከሆነ የቴስታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ሳይሆን አይቀርም፤ ለመካኒክ ያሳዩት።

ከኮምቦልቻ የጻፉ ወጣት፣ የውሃ ገንዳውን የፒክአፑ ጣሪያ ላይ ቢያስቀምጡት ውሃው በራሱ ስለሚወርድ የፓምፕ ወጪ እንደሚቀርላቸው ያሰሉትን በሥዕል ጭምር ልከዋል።

ሥዕልዎ ያማረ ነው። እባክዎን አይሥሩት።

የሲሊንደሮቹ ድምር 2.5 ሊትር የሆነ፣ አራት ፒስቶን ያለው ሞተር እንውሰድ። የአንዱ ፒስቶን ድርሻ 625 ሚሊ ሊትር ነው፤ የመጭመቅ መጠኑ 18 ለ 1 ከሆነ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 37 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ከግማሽ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ አይጨመቅም። ገንዳዎ ጣሪያ ላይ ከሆነ ሌሊቱን በጠብታ ጠብታ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ፣ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ ከዚህ በላይ ሆኖ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ፣ ፒስቶኑ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፤ የሚታጠፈው ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው ነው። እንዲህ የታጠፈ አንድ ቢዬላ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ እንደ በግ የጎን አጥንት ቀስ ብሎ የጎበጠ ነበር። ባለቤቱም መርጫውን የገጠመው ራሱ ነው።

ገንዳው ከመርጫው ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በመስመሩ ላይ ሞተር ሲጠፋ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭና ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያስፈልጋል። መሣሪያው የተርቦው ግፊት ከፍ ሲል ብቻ ይርጭ፤ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ፈጽሞ መርጨት የለበትም። መርጫው ከተርቦው በፊት አይገጠም፤ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞረውን የተርቦ ቅጠል የውሃ ጠብታ ይበላዋል። ሌላውን ሥራ ራስዎ ቢሠሩት አልከለክልም፤ ይህን ግን የናፍጣ ሞተር ከፍቶ የሚያውቅና የኤሌክትሪክ መስመርም የሚያነብ ባለሙያ ሳያየው ሞተሩን አያስነሡ። ባለሙያ ካላገኙም መሣሪያው በካርቶኑ ይቀመጥ።

«ፈረንጆቹ ሜታኖል ይቀላቅላሉ። አረቄ አይሆንም?»

አረቄው ለእንግዳ ይቀመጥ። አልኮል በናፍጣ ሞተር ውስጥ ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚሆን ናፍጣው ከሚረጭበት ጊዜ ቀድሞ ሊቀጣጠልና ሲሊንደሩን ከአቅሙ በላይ ሊያስጨንቀው ይችላል። ሜታኖልማ ጥቂቱ እንኳ ከተጠጣ ዓይን የሚያሳውርና የሚገድል መርዝ ነው፤ በመጠጥ ጠርሙስ ቤት ውስጥ አያስቀምጡት። በስሕተት የጠጣ ሰው ካለ ምልክት እስኪታይበት ሳይጠብቁ፣ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሱት።

«ጥቁር ጭስ ያጠፋል?»

ብዙም አያጠፋም። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ የድሮ የናፍጣ ፓምፕ ደሴ ሲወጣ አየሩ ስለሚያንሰው ያጨሳል። የአየር ፊልትሮውንና የተርቦውን የጎማ ቧንቧዎች ይዩ፤ ከዚያ ፓምፑንና ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች የሚለካ ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

በውሃ ብቻ ስለሚሄድ መኪና ቪዲዮ የላኩልኝ አንባቢ።

ውሃ አስቀድሞ የነደደ ሃይድሮጂን ነው። አመድ አይነድም።

አንድ ተቆጭ አንባቢ ደግሞ «ውሃ ለሞተር ደግ ከሆነ፣ ከማደያ ከናፍጣው ጋር የተቀዳልኝ ውሃ ለምን ሞተሬን ገደለው?» ይላሉ።

ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ሁለቱ ግን የሚገቡበት በር ይለያያል። መርጫው ውሃን ከአየር ጋር ነው የሚሰደው። ከናፍጣ ጋር የገባው ውሃ ግን በናፍጣው ቅባት ብቻ የሚለሰልሱትን የፓምፕና የኖዝል ክፍሎች ያዝጋል፣ ያፋጫል፤ በአዲሶቹ ሞተሮች ውስጥ ናፍጣው ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጭ ጉዳቱ ፈጣን ነው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ላላ አድርገው በብርጭቆ ይቅዱ፤ ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታይዎታል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ያፍስሱና መልሰው ይጠብቁት።